ለብቻዋ የተቀመጠችው ሮማን

በዚያ ዓመት ወረታ ውስጥ የተቆረጠ እንጨት ውኃ ውስጥ አቁሞ ሥር የሚያስወጣ ከእኔ ሌላ አልነበረም። ቢኖርም አልሰማሁም፤ ብሰማም ደስ አይለኝም ነበር። አንዲት የአየር ፓምፕ ነበረችኝ፤ ባሕር ዳር ለጌጥ ዓሣ ማኖሪያ ብለው የሚሸጧት፣ ከመዳፍ የማትበልጥ። ከእሷ ቀጭን ቱቦ ይወጣል፤ በቱቦው ጫፍ ላይ ቀዳዳ የበዛባት ትንሽ ድንጋይ አለች። ድንጋይዋን ውኃ የሞላ ባልዲ ውስጥ ጥዬ ፓምፗን ስሰካት ውኃው ከሥሩ ይፍለቀለቃል። የባልዲውን ክዳን በጋለ ሚስማር እበሳለሁ፤ በየቀዳዳው የወይን፣ የበለስና የጽጌረዳ ቁራጭ በስፖንጅ ጠቅልዬ እሰካለሁ። ቅጠሉ ከላይ ይቀራል፣ የታችኛው አንጓ ውኃው ውስጥ ይሆናል። ሁለት ሦስት ሳምንት ሲሞላው እንጨቱ ነጫጭ ሥር ያወጣል።

ነገሩ ቀላል ነው። ውኃ ውስጥ የቆመ እንጨት ብዙ ጊዜ የሚበሰብሰው ታፍኖ ነው፤ ሥር እንዲያወጣ መተንፈስ አለበት። ይህን ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም አስረዳ ነበር። ሥራዬ የግብርና ባለሙያነት ነው። ቀኑን ሙሉ ፎገራ ሜዳ ላይ ከገበሬዎች ጋር ስለ ሩዝ ስንከራከር እንውላለን፤ አብዛኛውን ጊዜ እነሱ ይረቱኛል። ባልዲዬ አጠገብ ስደርስ ግን የሚረታኝ የለም። አብራኝ የምትኖረው እናቴ፣ "የሰው ሴት ልጅ ልጇን ታጥባለች፤ የኔዋ እንጨት ታጥባለች" እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ከከተማው ወጣ ብሎ፣ መሬቱ ወደ ርብ ወንዝ በሚያዘነብልበት በኩል፣ ጥቂት የሸክላ ሠሪዎችና የቀጥቃጮች ቤቶች አሉ። ወጥ የምንሠራበት ድስት ከእነሱ ነው፤ ገበሬው የሚያርስበት ማረሻ ከእነሱ ነው። እኛ ግን ከእነሱ ጋር ማዕድ አንቀርብም፤ ልጅ አንሰጣቸውም፣ ልጃቸውንም አንወስድም። ዐይናቸው ክፉ ነው ይባላል። እነሱ ሲመጡ አራስ ልጅ ይሸፈናል፣ የታለበ ወተት ይከደናል፣ አዲስ ጥጃ ወደ ውስጥ ይገባል። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አያስተምርም፤ ትልልቆቹ ሲከድኑ እያየን ነው ያደግነው። እኔ ኮሌጅ ስገባ የተውኩት መስሎኝ ነበር።

ድስትና ማድጋ ተሸክመው በየገበያው ቀን በደጃችን የሚያልፉ አንዲት ሸክላ ሠሪ ነበሩ፤ የእናቴ እኩያ ናቸው። ዛሬ "እሳቸው" እያልኩ እጽፋለሁ። ያኔ ፊት ለፊታቸው "አንች" ነበር የምላቸው፤ የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ "አንች" ነው የሚላቸው። ሚያዝያ ውስጥ አንድ ቀን እናቴ ያዘዘችውን ድስት ይዘው ግቢያችን ገቡ። ባልዲው ሶኬቱ ባለበት በረንዳ ላይ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ያገኘዋል። ሲፍለቀለቅ ሰምተው ቆሙ።

"ይኸ ምንድን ነው ልጀ? ያለ እሳት የሚፈላ" አሉኝ።

እስኪጠይቁኝ ነበር የምጠብቀው። ክዳኑን አንስቼ የወይኑን ሥር አሳየኋቸው። እግረ መንገዴን ትምህርቴን ለቀቅሁባቸው፤ "ከዘር የበቀለ የዛፉ ልጅ ነው፤ መልኩም ጣዕሙም ሊለይ ይችላል። ከእንጨቱ የወጣው ግን ራሱ ዛፉ ነው" አልኳቸው። ጎንበስ ብለው ብዙ ጊዜ አዩት።

"እንደ ሕፃን ጥርስ ነው የሚወጣው፤ ያምራል" አሉ። ከዚያ የእጃቸውን ጀርባ ባልዲው ጎን ላይ አሳርፈው፣ "ውኃው ግን ሞቆብሻል። ላስቲክ ነው፣ ፀሐዩ ወንዛዬ አድርጎታል። ማድጋ ቢሆን ያልበዋል፣ ያቀዘቅዝልሻል" አሉኝ።

ወንዛዬ ሰው የሚታጠብበት ፍል ውኃ ነውና በቀልዱ ሳቅሁ። ምክሩን ግን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። ማድጋ ሊሸጡልኝ የፈለጉ መሰለኝ።

በአምስተኛው ቀን ክዳኑን ሳነሳ ሸተተኝ። ነጭ የነበረው ሥር ቡናማ ሆኖ ያሟልጫል፤ በጣቴ ስነካው ይላጣል። እናቴ መጥታ አየችውና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ዐይን ነው" አለችኝ።

"የምን ዐይን ነው እማዬ፤ በሽታ ነው።"

"በሽታማ ነው። ማን እንዳመጣው ነው እንጅ።"

ሳቅሁባት። በማግሥቱ ባልዲው አጠገብ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም አስራ ስትሰቅልም ሳቅሁባት። የበሰበሰውን ጥዬ፣ ባልዲውን አጥቤ፣ አዲስ ቁራጭ ሰካሁበት። ባልዲውን ግን ከበረንዳው አላነሳሁትም።

ከዚህ በኋላ ያለውን ስጽፍ ነው ፊቴ የሚግለኝ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን የሴትዮዋን ድምፅ ከአጥሩ ውጭ ሰማሁ። እናቴ ቤት አልነበረችም፤ ሸፍኚ ብሎ ያዘዘኝ ማንም የለም። ከልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ፎጣ ስቤ ባልዲውን ሸፈንኩት። እሳቸው በሩን አልፈው ሲገቡ እጄ ገና ፎጣው ላይ ነበር። አዩኝ። ፊታቸውን ወደ አጥሩ መለስ አድርገው ስለ እናቴ ጠየቁኝ፤ የለችም አልኳቸው፤ ሄዱ። ሰው "የተማረ ይግደለኝ" ሲል እሰማለሁ። የተማርኩት እንግዲህ እኔ ነኝ።

ስንት ቤት ገብተው፣ ስንት ነገር ሲከደንባቸው አይተው ወጥተው ይሆን? ያን ዕለት ግን ይህን አላሰብኩም። አላዩኝም ብዬ ራሴን ለማሳመን ነበር የምታገለው። ያም ሆኖ ፎጣውን አላነሳሁትም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ባልዲው ተሸፍኖ ዋለ፣ ተሸፍኖ አደረ።

ሰኔ ሲገባ ተመልሰው መጡ። ሸክላ አልያዙም፤ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ደረታቸው ላይ አቅፈዋል። ሲፈቱት አምስት የሮማን ቁራጭ ነው። እንዳይደርቅ ጫፍ ጫፉን በሚሠሩበት ጭቃ ለስነውታል። እኔ ለገበሬዎች በሰም ለስኑት ብዬ የማስተምረውን እሳቸው በጭቃ ሠርተውታል።

አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። በስምንት ዓመቷ ከቤታቸው ጀርባ የሮማን ፍሬ ቀበረች፤ በቀለ። በአሥራ አራት ዓመቷ ልጅቱን ወባ ወሰዳት፤ ሮማኗ ቀረች። ፍሬዋ ሲከፈት እንደ ሌላው ቀይ አይደለም፤ ነጭ ነው፣ ማር ነው። ባለቤታቸው ቀጥቃጭ ነበሩ። በእሳቱ ብዛት ዐይናቸው ከጠፋ ወዲህ ውሏቸው ሮማኗ ሥር ሆኗል። አሁን ደግሞ ርብ ዳርቻውን እየበላ መጥቶ ከግንዷ ሦስት እርምጃ ያህል ቀርቶታል።

"ይኸን ክረምት አታልፈውም" አሉኝ። "አንች ነሽ ያልሽኝ፤ ከዘር የወጣው ልጇ ነው፣ ከእንጨቱ የወጣው ራሷ ናት። እኔ ራሷን ነው የምፈልግ። ሽማግሌው ያለሷ አይሆንለትም።"

"እሺ፣ አስገባልሻለሁ" አልኳቸው።

"ከሌሎቹ ጋር? አየሩ ካለበት?"

"ከሌሎቹ ጋር።"

ጉልበቴን ሊስሙ ዝቅ ሲሉ ትከሻቸውን ይዤ አስቀረኋቸው።

ቦታ አልነበረም ብል ደስ ባለኝ። ነበረ። ክዳኑ ላይ ለአምስቱም የሚበቃ ባዶ ቀዳዳ ነበረ። ቁራጮቹን ይዤ ባልዲው ፊት ቆምኩና ፎጣውን ገለጥ አድርጌ አዲሶቹን ሥሮች አየሁ፤ ገና ብቅ ብቅ እያሉ ነው። መልሼ ከደንኩት። ከቤት ጀርባ፣ እንጨት ከምንከምርበት አጠገብ፣ ባዶ የቀለም ጣሳ ነበር። ውኃ ሞልቼ ሮማኖቹን እዚያ አቆምኳቸው።

የግብርና ሰው ስለሆንኩ ለፍርሃቴ ስም አላጣሁለትም። ከውጭ የመጣ ተክል ከሌላው ሳይቀላቀል ለብቻው ይቆያል፤ ገበሬውንም የምንመክረው እንዲሁ ነው፤ ስለዚህ ጥንቃቄ ነው አልኩ። ከአንበሳሜ የመጣልኝን ወይን ግን በመጣበት ሰዓት ነው ባልዲው ውስጥ የሰካሁት፤ በየትኛው አውራ ጎዳና፣ በየትኛው አይሱዙ ላይ እንደመጣ እንኳን አልጠየቅሁም። ደግሞ ሁለተኛ ፓምፕ ገዝቼ ለሮማኖቹ አየር እሰጣለሁ አልኩ። አልገዛሁም።

አሥር ቀን ያህል ቆይቶ ባልዲው እንደገና ሸተተ። ያን ሁሉ ቀን ማንም አላየውም፤ ከእኔ በቀር ፎጣውን የገለጠ የለም። ያኔ ብቻ ነው ማሰብ የጀመርኩት። ዝናቡ ባባራበት ሰዓት፣ የሰኔ ፀሐይ በረንዳው ላይ ሲያርፍ፣ እጄን እስከ አንጓዬ ውኃው ውስጥ ከተትኩት። ልብስ ሊታጠብበት ይችላል። የሞቀ ውኃ አየር አይዝም፤ ፓምፗ ቀን ከሌት ብትነፋ ከንቱ ነው። ይህንን ኮሌጅ ተምሬዋለሁ፤ ተፈትኜም አልፌበታለሁ። ሴትዮዋ በእጃቸው ጀርባ ነክተው የነገሩኝ ይህንኑ ነበር።

የበሰበሰውን ጥዬ አዲስ ቁራጭ ሰካሁ፤ ባልዲውን ጥላ ወዳለበት ወሰድኩት፤ በእርጥብ ጆንያ ጠቀለልኩት። በሐምሌ ሥሩ ጣት ያህል ረዘመ። ደስ አለኝ፤ ፎጣውንም ወደ ገመዱ መለስኩት። ጣሳውን ረሳሁት። የሩዝ አረም ወቅት ነበር፤ ጧት ወጥቼ በጭቃ ተለውሼ እመለሳለሁ ብዬ ማመካኛ እዘረዝር ይሆናል። እውነቱን ለመናገር ጣሳውን ማየት አልፈለግሁም።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ እናቴ፣ "ያች ሸክላ ሠሪ መጥታ ነበር። ለባልዲሽ ብላ ማድጋ ሠርታልሻለች። ከጀርባ አስቀምጭው ብያታለሁ" አለችኝ። ላየው ሄድኩ። አፉ ሰፊ፣ ለእኔ ክዳን ልክ ተደርጎ የተሠራ ማድጋ ነው፤ ከጫፉ ዝቅ ብሎ የፓምፗ ቱቦ የሚገባባት ትንሽ ቀዳዳ እንኳን አልረሱም። ከእንጨት ክምሩ አጠገብ ቆሟል። አጠገቡ ጣሳው አለ። አምስቱም ሮማኖች ጠቁረዋል። አንዱን ሳወጣው ልጡ በእጄ ላይ ተገፎ ቀረ፤ ውኃው ውስጥ የወባ ትንኝ ዕጭ ይርመሰመሳል።

በማግሥቱ ቦት ጫማዬን አድርጌ ወደ ወንዙ ወረድኩ። ዛፏ ካለች እንደገና ቆርጬ፣ በዚህ ጊዜ አዲሱ ማድጋ ውስጥ አስገብቼ፣ ማንም ሳያውቅ ላስተካክለው ነበር። ሜዳው ሐይቅ ሆኗል፤ የሩዙ ጫፍ ብቻ ነው የሚታየው። ከቤታቸው ጀርባ ስደርስ መሬቱ በቢላ እንደተቆረጠ ዳቦ ቀጥ ብሎ ተንዷል፤ ከሥር ቀይ ውኃ ይሄዳል። ሮማኗ የለችም። ከናዳው አራት እርምጃ ያህል ራቅ ብለው ሽማግሌው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

"ማን ነው?" አሉ፤ የቦት ጫማዬን ድምፅ ሰምተው። ማንነቴን ነገርኳቸው።

"አንች ነሽ? ሮማኗ አንች ዘንድ ናት አሉኝ። ወንዙማ ወሰዳት፤ ግን እንኳን ቀደም ብላ ወጣች። ደህና ናት?"

"ደህና ናት" አልኩ።

ይኸው ነው። ሌላ ቃል ልል የምችልበት ሰዓት ያ ነበር፤ አለፈ። ከተማ ገብቼ አንድ ወዳጄ ግቢ ካለ ሮማን ቁራጭ ለመንኩ። ማድጋው ውስጥ፣ ከሌሎቹ ጋር፣ ከሁሉም የተሻለውን ቦታ ሰጠኋቸው። ውኃውን በየሦስት ቀኑ እቀይራለሁ፤ መብራት ሲጠፋ ቆሜ በጣሳ እየቀዳሁ ከላይ መልሼ አፈስሳለሁ፣ አየር እንዲያገኝ። እናቴ ገርሟት ታየኛለች። ለራሷ ለልጅቱ ሮማን ያላደረግሁትን ሁሉ ነገሩ ለማይመለከታት ለሌላ ሮማን አደረግሁ። ያዙ፤ ሥሮቻቸው እንደዚያ ሲያምሩ ሌላ ጊዜ አላየሁም።

በጥቅምት፣ ውኃው ከሜዳው ሲሸሽ፣ በአፈር በተሞላ ላስቲክ ሁለት ችግኝ ይዤ ራሴ ወሰድኩላቸው። ሴትዮዋ ተቀበሉኝ። ቅጠሉን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ፤ ቀንበጡን በሁለት ጣታቸው ዳሰሱ። ቀና ብለው፣ "ለፍተሻል" አሉኝ። ሽማግሌው ግን ላስቲኩን ጭናቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ወንዙ በማይደርስበት ከፍ ባለው መሬት ላይ ተከሏቸው፤ ያንዱ ችግኝ ቅጠል ረገፈ፣ አንዷ ጸደቀች።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል። እኔ ወጊዋ ነኝ፤ ልረሳው አልቻልኩም። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ በኩል ሥራ ሲመደብብኝ ከባልደረባ ጋር ቦታ እቀያየራለሁ። እሳቸው በደጃችን ሲያልፉ ግቡ እላለሁ፤ ከእናቴ ጋር እየተጣላሁ ምሳ አቀርብላቸዋለሁ። እናቴም እያጉረመረመች ለመደችው። ሰፈሩ ሰው አክባሪ ሆንሽ አለኝ። ይህንንም ተቀበልኩ።

በሦስተኛው ዓመት ሮማኗ አፈራች። ሴትዮዋ በነጠላቸው ጫፍ አንዲት ፍሬ ቋጥረው መጡ። በረንዳው ላይ ተቀመጥን። ፍሬዋን በአውራ ጣታቸው ሰንጥቀው ከፈቷት። ደም የመሰለ ቀይ ነው።

"የልጀ ነጭ ነበር" አሉ። ግማሹን ሰጡኝ።

ያኔ ወጣኝ። ስለ ፎጣው፣ ስለ ባዶው ቀዳዳ፣ ስለ ጣሳው፣ ለሽማግሌው ስለዋሸሁት፣ ከማን ግቢ እንደቆረጥኩ ሁሉንም ነገርኳቸው። እያለቀስኩ ነበር፤ ማልቀሴም አናደደኝ፣ ማልቀስ የሚገባኝ እኔ አልነበርኩምና።

"አውቃለሁ" አሉኝ። "ማድጋውን ያመጣሁ ዕለት ጣሳውን አየሁት። የኔ ጭቃ ያለበት እንጨት ይጠፋኛል? አየር አልነበረበትም።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም? ያን ቀን አዲስ ቆርጬ ከሌሎቹ ጋር አስገባ ነበር እኮ። ዛፏም ያን ቀን ገና ነበረች ይሆናል።"

"ምን ብየ? ከሌሎቹ ጋር አድርጊልኝ ብየ ልለምንሽ? ለምኘሽ ነበር እኮ።"

የሮማኑን ፍሬ ይዤ ተቀመጥኩ። ቢቆጡኝ፣ ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ነጠላቸውን እያስተካከሉ ለመሄድ ተነሡ። ደጁ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ።

"ለሽማግሌው ግን እንዳትነግሪው። ቀለሙን አያይም። ጣዕሟ ለምን ኮመጠጠ ሲለኝ መሬቱ ተለውጦባት ነው ብየዋለሁ። ልጀ ብሎ ነው የሚያጠጣት። ይኸን እንኳ ተይልኝ።"

እሺ አልኩ። አሁን በገበያ ቀን ሴትዮዋ ሽማግሌውን እጃቸውን ይዘው ሲያመጧቸው ከሩቅ ባይ መንገድ አልቀይርም፤ ቀርቤ ሰላም እላቸዋለሁ። ድምፄን ሲሰሙ በትራቸውን ተደግፈው ይቆማሉ፤ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣ "ልጀን ያቆየሽልኝ፣ እግዚሐር እንዳንች ያለውን ሰው ያብዛልን" ይሉኛል። ባለቤታቸው አጠገባቸው ቆመው ምርቃቱ እስኪያልቅ ይጠብቃሉ። እኔ አሜን እላለሁ።